የውጭ አገር ባለሙያዎች የሥራ ቪዛ በአሜሪካ፤ ኮታው፣ ዕጣውና ቀረጡ

ወደ አንድ አገር የሚገባ ዕቃ በሦስት መንገድ ሊገደብ እንደሚችል ነጋዴዎች ጠንቅቀው ያውቁታል። መንግሥት ያለ ልዩ ፈቃድ ማንም እንዳያስገባው ለመከልከል ይችላል፤ በዓመት የሚገባውን መጠን በኮታ ለመወሰን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ቀረጥ ለመጣል ይችላል። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከ30 ዓመት በላይ በፈቃድና በኮታ፣ ከ2025 ዓ.ም. ወዲህም በከባድ ቀረጥ ጭምር ሲቆጣጠሩት የቆዩት አንድ ነገር አለ። ይኸውም ቡና ወይም ብረት ሳይሆን የተማረ ሰው ጉልበት ነው።

ይህ ጉልበት የሚገባበት ዋናው በር ኤች-1ቢ ተብሎ የሚጠራው የሥራ ቪዛ ነው። በበሩ ከሚገቡት ውስጥ የሚበዙት የኮምፒውተር ባለሙያዎች በመሆናቸው፣ ክርክሩ ከሁሉ ይልቅ የበረታው በቴክኖሎጂው ኢንዱስትሪ ዙሪያ ነው። አንደኛው ወገን የውጭ አገር ሰዎች የአሜሪካውያንን ሥራ ይነጥቃሉ፤ ደመወዝም ያወርዳሉ ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ እነዚህ ሰዎች ባይገቡ ኖሮ ኢንዱስትሪው እዚህ ደረጃ ላይ ባልደረሰ ነበር ይላል። ሁለቱም ወገኖች ዓይናቸውን የተከሉት በሚገባው ሰው ላይ ነው። ነገሩን በንግድ መዝገብ ሚዛን ለሚመረምር ሰው ግን ከዚህ ይልቅ የሚከብዱ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ፈቃዱ የሚገኘው በማን እጅ ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሰውየው ሲከለከል ሥራው ወዴት ይሄዳል? የሚል ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተመለከቱት ዓመተ ምሕረቶች፣ የኢትዮጵያ አዋጆች ከሚጠሩበት ቁጥር በቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕጉ አመጣጥ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ፣ በችሎታቸው የላቁ የውጭ አገር ሰዎች ለጊዜው ገብተው እንዲሠሩ የሚያስችል ኤች-1 የተባለ ክፍል አቁሞ ነበር። ኖቬምበር 29 ቀን 1990 ዓ.ም. ትልቁ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የፈረሙበት ሕግ ይህንኑ ክፍል ለውጦ ዛሬ የሚታወቀውን ኤች-1ቢ አስገኘ። በዚህ ሕግ መሠረት ልዩ ሙያ የሚጠይቅና ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚያስፈልገው ሥራ ሲኖር፣ አሠሪው ከውጭ አገር ሰው ለማስመጣት ይችላል። በዓመት የሚሰጠው የአዲስ ፈቃድ መጠንም በ65,000 ተወሰነ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ቁጥር ከሚፈለገው በላይ ነበር። ኮታው ለመጀመሪያ ጊዜ የሞላው በ1997 ዓ.ም. የበጀት ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ የኢንተርኔት ኩባንያዎች እንደ አሸን ይፈሉ ነበር። ከዚህም ሌላ ዓመቱን በሁለት አኃዝ ብቻ ይመዘግቡ የነበሩት የድሮ ፕሮግራሞች 2000 ዓ.ም. ሲገባ እንዳይሳሳቱ ለማረም እጅግ ብዙ ባለሙያ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ኮንግረስ በ1998 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ኮታውን ወደ 115,000 ከፍ አደረገው። በ2000 ዓ.ም. ባወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ለ2001፣ ለ2002 እና ለ2003 የበጀት ዓመታት 195,000 አደረሰው።

ዳሩ ግን ሕጉ ሲሰፋ ገበያው ጠበበ። የኢንተርኔት ኩባንያዎች አክሲዮን ወድቆ ብዙዎቹ ተዘጉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ባለሙያዎችም ሥራ አጡ። የማስፋፊያው ዘመን ባበቃ ጊዜ ኮታው በ2004 የበጀት ዓመት ወደ 65,000 ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ ላገኙ ሰዎች 20,000 ተጨምሮ ጠቅላላው ልክ 85,000 ሆነ። ከ65,000ው ውስጥ 6,800ው ለቺሌና ለሲንጋፖር ዜጎች የተመደበ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችና ለትርፍ ያልተቋቋሙ የምርምር ድርጅቶች ግን ከ2000ው ሕግ ወዲህ በኮታው ውስጥ አይቆጠሩም።

በ2023 የበጀት ዓመት፣ እድሳቱ ሁሉ ተደምሮ፣ 386,000 ገደማ ማመልከቻዎች ጸድቀዋል። ከ100 ባለ ፈቃዶች ወደ 72 የሚሆኑት ሕንዳውያን፣ ወደ 12 የሚሆኑት ቻይናውያን ነበሩ። ከ100 ሥራዎችም ወደ 65 የሚሆኑት ከኮምፒውተር ጋር የተያያዙ ነበሩ።

ፈቃዱ በማን እጅ ነው?

የኤች-1ቢን ጠባይ በትክክል ለመረዳት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባው፣ ማመልከቻውን የሚያቀርበው ሠራተኛው ሳይሆን አሠሪው መሆኑን ነው። ፈቃዱ በመጀመሪያ ለሦስት ዓመት ይሰጣል፤ ታድሶም እስከ ስድስት ዓመት ይደርሳል። አሠሪው ለሥራ መሥሪያ ቤቱ በሚያቀርበው ሰነድ፣ ለሌሎች መሰል ሠራተኞቹ ከሚከፍለው ወይም በአካባቢው ከተለመደው ደመወዝ የበለጠውን እንደሚከፍል ቃል ይገባል። ነገር ግን ለሥራው የሚበቃ አሜሪካዊ ፈልጎ ማጣቱን እንዲያስረዳ በአብዛኛው አይገደድም። ይህ ግዴታ ያለባቸው በተለይ ከሠራተኞቻቸው ውስጥ በሕግ ከተወሰነው ድርሻ ያላነሰው በዚህ ቪዛ የገባ የሆነባቸው ኩባንያዎች ናቸው። እነዚህም ቢሆኑ ለሠራተኛው በዓመት 60,000 ዶላር ከከፈሉ ከግዴታው ነፃ ይሆናሉ። ይህ 60,000 ዶላር የተወሰነው በ1998 ዓ.ም. ሲሆን፣ የኑሮ ዋጋ ወደ እጥፍ በተጠጋበት ጊዜ ሁሉ ሳይሻሻል ቆይቷል።

ሠራተኛው አሠሪውን ለመለወጥ ይችላል፤ ሆኖም አዲሱ አሠሪ በበኩሉ ማመልከቻ ማቅረብ አለበት። ሠራተኛው ከሥራ የተሰናበተ እንደሆነ ሌላ አሠሪ የሚፈልግበት ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። ከ2022 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ታላላቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን በብዛት ባሰናበቱ ጊዜ፣ ቤት የገዙና ልጆች የወለዱ ብዙ ባለሙያዎች በእነዚህ 60 ቀናት ውስጥ ሥራ ፍለጋ ተሯሩጠዋል።

ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም ግሪን ካርድ፣ ለማግኘትም መንገዱ በአብዛኛው በአሠሪው በኩል ነው። በሥራ ምክንያት የሚሰጠው ግሪን ካርድ በዓመት ወደ 140,000 ሲሆን፣ የትዳር ጓደኞችና ልጆች በዚሁ ውስጥ ይቆጠራሉ። ከአንድ አገር የተወለዱ ሰዎች ደግሞ ከ100 ከ7 በላይ እንዳይወስዱ ሕጉ ይከለክላል። ከዚህም የተነሣ ሕንዳውያን ተራቸው እስኪደርስ ድረስ በአሥር ዓመታት የሚቆጠር ጊዜ ይጠብቃሉ። በመካከሉ አሠሪውን የሚለውጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ሂደቱ እንደገና እንዲጀመርለት ግድ ይሆንበታል።

ይህን ሁሉ በገበያ ቋንቋ መናገር ቀላል ነው። አንድ ገዢ ብቻ ያለው ሻጭ ዋጋ ለመከራከር አይችልም። የውጭ አገሩ ባለሙያ የሚሸጠው ጉልበቱን ነው፤ ገዢውን ለመለወጥ የሚችለው ግን በብዙ ችግርና በብዙ ሥጋት ነው። እርሱ ለመከራከር ባለመቻሉ የሚጎዳው ብቻውን አይደለም። በአጠገቡ ያለው አሜሪካዊ ባልደረባውም ደመወዝ እንዲጨመርለት በጠየቀ ጊዜ፣ የማይጠይቅ ሰው በአጠገቡ ተቀምጦ ያገኛል። ሁለቱን ሠራተኞች የሚያወዳድራቸው ችሎታቸው ቢሆን ኖሮ ውድድሩ ትክክል በሆነ ነበር፤ አንደኛው ግን በፈቃዱ ወረቀት የታሠረ ነው።

ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ የተገኘው ማስረጃ

የአሜሪካ ሥራ መሥሪያ ቤት በአካባቢው የተለመደውን ደመወዝ በአራት ደረጃ ይከፍለዋል። እስከ 2025 ዓ.ም. ሲሠራበት በቆየው ስሌት የመጀመሪያው ደረጃ በዚያ ሙያና በዚያ አካባቢ ካሉ 100 ሠራተኞች ወደ 83ቱ የበለጠ የሚያገኙበት ደመወዝ ነው፤ ሁለተኛው ደረጃ ደግሞ 66ቱ የበለጠ የሚያገኙበት ነው። ኢኮኖሚክ ፖሊሲ ኢንስቲትዩት የተባለው የጥናት ድርጅት በ2020 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ መሥሪያ ቤቱ ካረጋገጣቸው የኤች-1ቢ ሥራዎች ውስጥ ከ100 ስልሳው የተመደቡት በእነዚህ በሁለቱ ዝቅተኛ ደረጃዎች መሆኑን ገልጿል። ስለዚህ ሕጉ ሳይጣስ ርካሽ ሠራተኛ ለማግኘት የሚቻልበት በር ክፍት ነበር ማለት ነው።

ይህ በር ምን እንደሚያስከትል በ2015 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ግዛት ታይቷል። አንድ ታላቅ የመዝናኛ ኩባንያ 250 ያህል የኮምፒውተር ሠራተኞቹን ሲያሰናብት፣ ሥራው በውል ለሌሎች ኩባንያዎች ተሰጠ። ከሚሰናበቱት ውስጥ አንዳንዶቹ በቪዛ የገቡትን ተተኪዎቻቸውን ራሳቸው እንዲያሠለጥኑ ተደረጉ። ነገሩ በ2016 ዓ.ም. በሴኔት ፊት ቀርቦ ተሰማ፤ ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት የቀረበለትን ክስ ሳይቀበለው ቀረ። ሕዝቡን ያስቆጣው ሕግ መተላለፉ ሳይሆን፣ ሕጉ ራሱ ይህን የሚፈቅድ ሆኖ መገኘቱ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ ቪዛው ሥራን እንዳስፋፋ የሚያስረዱ ጥናቶች አሉ። ጆቫኒ ፔሪ፣ ኬቪን ሺህና ቻድ ስፓርበር የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ2015 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ የውጭ አገር ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች በበዙባቸው የአሜሪካ ከተሞች የተማሩ አሜሪካውያን ደመወዝ ከሌሎቹ ከተሞች ይልቅ ማደጉን አሳይተዋል። ዊልያም ከርና ዊልያም ሊንከንም በ2010 ዓ.ም. ባቀረቡት ጥናት፣ ኮታው ሲሰፋ የፈጠራ ሥራዎች መብዛታቸውንና የአሜሪካውያን ፈጣሪዎች ሥራም አለመቀነሱን ገልጸዋል።

ሁለቱን ወገኖች በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀመጠው በ2017 ዓ.ም. በጆን ባውንድ፣ በጋውራቭ ካና እና በኒኮላስ ሞራሌስ የቀረበው ጥናት ነው ለማለት ይቻላል። እንደ እነርሱ ግምት፣ በ1990ዎቹ ዓመታት የውጭ አገር ባለሙያዎች ቁጥር ባያድግ ኖሮ፣ በ2001 ዓ.ም. የአሜሪካ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ደመወዝ ከ2.6 እስከ 5.1 በመቶ ከፍ ባለ ነበር። በዚህ ሙያ የሚሠሩት አሜሪካውያን ቁጥርም ከ6.1 እስከ 10.8 በመቶ በበለጠ ነበር። ነገር ግን ኢንዱስትሪው የሚያመርተው ባነሰ፣ ዋጋውም በተወደደ፣ የኩባንያዎቹም ትርፍ በቀነሰ ነበር።

እንግዲህ ክርክሩ መቋጫ ያጣው ማስረጃ በመጥፋቱ አይደለም። ኩባንያው ሲጠየቅ አተረፍሁ ይላል፤ ኮምፒውተርና ፕሮግራም የሚገዛው ሕዝብ ሲጠየቅ ረከሰልኝ ይላል፤ በዚያው ሙያ የተሰማራው አሜሪካዊ ሲጠየቅ ግን ደመወዜ ተያዘብኝ ይላል። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። አጠቃላዩ ሀብት ሲያድግ ድርሻው ለሁሉም እኩል አልደረሰም።

ዕጣውና የፈቃዱ ዋጋ

በኢትዮጵያ እስከ ጁላይ 2024 ዓ.ም. ድረስ የውጭ ምንዛሪ በወረፋ ይታደል በነበረ ጊዜ፣ የአንድ ነገር ዋጋ በሕግ ዝቅ ብሎ መጠኑ ሲወሰን ፈቃዱ ራሱ ዋጋ እንደሚያወጣ አስመጪዎች በኑሯቸው አይተውታል። በአሜሪካም የሆነው ይኸው ነው። ፈላጊው ከ85,000 በላይ በሆነባቸው ዓመታት ዕድሉ የሚወሰነው በዕጣ ነበር።

ዕጣ ለሁሉም እኩል ይመስላል፤ ሲመረመር ግን እኩል ሆኖ አይገኝም። አንድ ሺህ ስም የሚያስመዘግብ ታላቅ ኩባንያ ከሺው ውስጥ ስንቱ እንደሚወጣለት በግምት ያውቀዋል፤ ሥራውንም በዚያው ልክ ያቅዳል። አንድ ሰው ብቻ የሚያስፈልገው ትንሽ ድርጅት ግን ወይ ሁሉን ያገኛል፣ ወይ ሁሉን ያጣል። ከዚህም በላይ በብዙ ልምድ የታወቀ ተመራማሪና ገና ከትምህርት ቤት የወጣ ጀማሪ በዕጣው ፊት አንድ ነበሩ።

የምዝገባው ዋጋ 10 ዶላር ብቻ በሆነ ጊዜ ደግሞ ለአንድ ሰው ብዙ ኩባንያዎች እንዲያመለክቱለት ማድረግ ተለመደ። በማርች 2023 ዓ.ም. ከ780,000 በላይ ምዝገባዎች የቀረቡ ሲሆን፣ ብቁ ሆነው ከተቆጠሩት ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት ከአንድ ጊዜ በላይ ለተመዘገቡ ሰዎች የቀረቡ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት መንግሥት ደንቡን ለውጦ ዕጣው በማመልከቻ ሳይሆን በሰው እንዲቆጠር አደረገ፤ የብቁ ምዝገባዎችም ቁጥር ወደ 470,000 ወረደ። በማርች 2025 ዓ.ም. የምዝገባው ዋጋ 215 ዶላር ሲሆን ደግሞ ወደ 344,000 ዝቅ አለ። ዋጋ ሲወጣለት ፍላጎቱ በእውነተኛ ልኩ መታየት ጀመረ ማለት ነው።

ስለ ዕጣው የተደረጉት ጥናቶችም የሚጠቅሙ ናቸው፤ ዕጣ የደረሰውን ኩባንያ ካልደረሰው ጋር ማወዳደር ይቻላልና። ከርክ ዶራን፣ አሌክሳንደር ጌልበርና አዳም አይዘን በ2006 እና በ2007 የበጀት ዓመታት የተደረጉትን ዕጣዎች መርምረው፣ ዕጣ የደረሳቸው ኩባንያዎች የሌሎችን ሠራተኞች ቅጥር እንደቀነሱ፣ ትርፋቸውም ከፍ እንዳለ ጽፈዋል። ከእነርሱ በኋላ በ2024 ዓ.ም. የቀረበ ሌላ ጥናት ደግሞ በአፕሪል 2007 ዓ.ም. በተደረገው ዕጣ የቀናቸው ኩባንያዎች እንዳደጉና አሜሪካውያንን በብዛት እንዳላፈናቀሉ አመልክቷል። ሁለቱ ጥናቶች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ፈቃዱን ማግኘት ለኩባንያው ጥቅም ነው። ልዩነታቸው ጥቅሙ ከማን ኪስ እንደ ወጣ ነው።

ሰው ሲከለከል ሥራው ይሻገራል

ጨርቅ እንዳይገባ የከለከለ አገር ጨርቁን ራሱ ለመሥራት ይችል ይሆናል። የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን ጉምሩክ የማያየው፣ በሽቦና በሳተላይት የሚመላለስ ሸቀጥ ነው። ሠሪው ሰው በበሩ እንዳይገባ ቢከለከል፣ የሠራው ሥራ በመስኮት ይገባል።

የዚህ ንግድ ታሪክ ከቪዛው ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሕንድ አገር በባንጋሎር ከተማ የሥራ ማዕከሉን የከፈተው በ1985 ዓ.ም. ነበር። በ1990ዎቹ የመጨረሻ ዓመታት የሕንድ ኩባንያዎች ባለሙያዎቻቸውን በቪዛ ወደ አሜሪካ እየላኩ የደንበኞቻቸውን ሥራ አጠኑ፤ ከዚያም ሥራውን ከፋፍለው አብዛኛውን ክፍል በአገራቸው ለማሠራት ቻሉ። ወደ አገራቸው የተመለሱት ባለሙያዎችም ልምዱን ይዘው ተመለሱ። በማርች 2024 ዓ.ም. በተፈጸመው የበጀት ዓመት የሕንድ የኮምፒውተር አገልግሎት የውጭ ንግድ ወደ 200 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። በዚያው ዓመት የውጭ አገር ኩባንያዎች ለራሳቸው ሥራ በሕንድ የከፈቷቸው ማዕከሎች ከ1,700 በላይ ሲሆኑ፣ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሠራተኞችን ቀጥረዋል።

ኮታው በ2004 ዓ.ም. ሲጠብ የሆነውን ያጠናችው ብሪታ ግሌነን የተባለች ተመራማሪ፣ በቪዛው ይጠቀሙ የነበሩ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች በውጭ አገር ቅርንጫፎቻቸው የሚቀጥሩትን ሰው ቁጥር እንደጨመሩ አረጋግጣለች። ጭማሪው ከሁሉ ይልቅ የታየው በሕንድ፣ በቻይናና በካናዳ ነው። በብዙ አገሮች የተስፋፉት ኩባንያዎች በቪዛ ምክንያት ላጡት ለእያንዳንዱ ሰው ወደ አንድ የሚጠጋ ሰው በውጭ አገር ቀጥረዋል። ትንንሾቹ ድርጅቶች ግን በውጭ አገር ቅርንጫፍ ስለሌላቸው ይህን ለማድረግ አልቻሉም።

ካናዳ ከዚህ ያገኘችውን ጥቅም አልደበቀችም። ማይክሮሶፍት በ2007 ዓ.ም. በቫንኩቨር ከተማ የሥራ ማዕከል እንደሚከፍት ሲያስታውቅ፣ በአሜሪካ ቪዛ የተቸገሩ ባለሙያዎችን ለመቅጠር እንደሚረዳው ገልጾ ነበር። በጁላይ 2023 ዓ.ም. ደግሞ የካናዳ መንግሥት የአሜሪካን ኤች-1ቢ ለያዙ 10,000 ሰዎች አሠሪ የማይወስን የሥራ ፈቃድ እሰጣለሁ ብሎ በከፈተው በር፣ ቁጥሩ በሁለት ቀን ውስጥ ሞላ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ የካናዳ ፈቃድ በሠራተኛው እጅ እንጂ በአሠሪው እጅ አለመሆኑ ነው።

ይህ ጉዳይ የባለ ሱቁም ጉዳይ ነው። በሲያትል ወይም በዳላስ የሚሠራ አንድ የሕንድ መሐንዲስ ቤት ይከራያል፤ መኪና ይገዛል፤ ግብር ይከፍላል፤ ከአካባቢው ሱቅ ይሸምታል። ያው ሰው ያንኑ ሥራ በባንጋሎር ሲሠራ ሸመታው የባንጋሎር ነጋዴ፣ ግብሩም የሕንድ መንግሥት ይሆናል። አሜሪካዊው ተወዳዳሪውን ከአጠገቡ አስወግዶ ሊሆን ይችላል፤ ከገበያው ግን አላስወገደውም።

የ2025 ዓ.ም. ቀረጥ

ሴፕቴምበር 19 ቀን 2025 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ባወጡት ዐዋጅ፣ ከውጭ አገር ለሚመጣ ለእያንዳንዱ አዲስ የኤች-1ቢ ሠራተኛ አሠሪው 100,000 ዶላር እንዲከፍል ታዘዘ። ዐዋጁ ከሴፕቴምበር 21 ቀን ጀምሮ ለ12 ወር እንዲጸና፣ ጊዜውም ሊራዘም እንደሚችል ተደንግጓል። ከዚያ በፊት በማመልከቻው የሚከፈለው ክፍያ ሁሉ ቢደመር ጥቂት ሺህ ዶላር ነበር። በኋላ በተሰጠው ማብራሪያ መሠረት፣ ቀድሞ በአሜሪካ ውስጥ ሆነው ቪዛቸውን የሚለውጡ ሰዎች፣ ለምሳሌ ተማሪዎች፣ ክፍያው አይመለከታቸውም።

የአሜሪካ የንግድ ምክር ቤት ክፍያው ከሕጉ ጋር አይስማማም በማለት ኦክቶበር 16 ቀን 2025 ዓ.ም. በዋሽንግተን ክስ አቀረበ። ፍርድ ቤቱ ዲሴምበር 23 ቀን ለመንግሥት ፈረደ፤ ምክር ቤቱም ይግባኝ ጠየቀ። በዚያው ወር የወጣ ሌላ ደንብ ደግሞ ከፌብሩዋሪ 27 ቀን 2026 ዓ.ም. ጀምሮ ዕጣው በደመወዝ ደረጃ እንዲመዘን አደረገ። በአራተኛው ደረጃ የሚከፈለው ሰው ስሙ አራት ጊዜ፣ በሦስተኛው ሦስት ጊዜ፣ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ፣ በመጀመሪያው አንድ ጊዜ በዕጣው ውስጥ ይገባል።

የቀረጡን ክብደት ለመመዘን ቀላል ስሌት ይበቃል። 100,000 ዶላር ለሦስት ዓመት ሲካፈል በዓመት ከ33,000 በላይ ይሆናል። በቅርብ ዓመታት የባለ ፈቃዶቹ መካከለኛ ደመወዝ ወደ 120,000 ዶላር ስለነበረ፣ በሠራተኛው ዋጋ ላይ ከሩብ በላይ ተጨመረ ማለት ነው። በዝቅተኛ ደረጃ ደመወዝ ሰው በብዛት ያስመጣ ለነበረ ኩባንያ ይህ ንግዱን የሚዘጋ ነው። ብዙ ለሚከፍል ኩባንያ የሚያሳምም እንጂ የማይቻል አይደለም። ለትንሽ ድርጅት፣ ለገጠር ሆስፒታልና ለትምህርት ቤት ግን ከአቅም በላይ ነው።

ቀረጡና የተመዘነው ዕጣ አንድ ጉድለት እንዳረሙ መካድ አይገባም። ፈቃዱ በዕድል ብቻ ከመታደል ይልቅ ይበልጥ ለሚፈልገው እንዲደርስ ያደርጋሉ። ይሁን እንጂ ሁለቱን ዋና ጥያቄዎች ሳይነኩ አልፈዋል። ፈቃዱ አሁንም በአሠሪው እጅ ነው፤ እንዲያውም 100,000 ዶላር የከፈለበት አሠሪ ሠራተኛውን አጥብቆ ለመያዝ የሚፈልግበት ምክንያት ጨምሯል። የባንጋሎርና የቫንኩቨር በርም እንደ ተከፈተ ነው።

ለነጋዴው የሚጠቅመው ትምህርት

ከባሕር ማዶ የሆነው ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ሩቅ ወሬ ሆኖ መቅረት የለበትም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በኢትዮጵያ ለሚቀጠር የውጭ አገር ሰው የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ለተወሰነ ሥራ ለሦስት ዓመት ሲሆን፣ በየዓመቱ ይታደሳል። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012ም ባለሀብቱ ዕውቀቱን ለኢትዮጵያውያን እያስተላለፈ የውጭ አገሩን ባለሙያ እንዲተካ ያዝዛል። መኪና ጥገና፣ ፋብሪካ ተከላ ወይም የኮምፒውተር ሥርዓት ለማቆም ባለሙያ የሚያስመጣ ሰው ሁሉ ይህንኑ ፈቃድ በእጁ ይይዛል ማለት ነው።

እንግዲህ አስመጪው ከውጭ አገር ኩባንያ ጋር ሲዋዋል፣ ባለሙያው ስንት ኢትዮጵያውያንን በስንት ወር እንደሚያሠለጥን በውሉ ውስጥ በቁጥር ቢያጽፍ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ይጠቀምበታል። ማሽኑ ሲበላሽ ሁለተኛ ቪዛ፣ ሁለተኛ የአውሮፕላን ቲኬትና ሁለተኛ ክፍያ አያስፈልገውም። የውጭ አገሩን ባለሙያ ርካሽ ሆኖ ስላገኘው ብቻ የሚያስመጣ ሰው ግን ሲጨርስ ዕውቀቱን በመጣበት አውሮፕላን መልሶ ይሸኘዋል።

አገልግሎት ወደ ውጭ ለመሸጥ ለሚያስብም ነገሩ ግልጽ ነው። የአሜሪካ በር በጠበበ ቁጥር ሥራው ሌላ አገር ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ሥራው የሚሄደው በሩ ወደ ጠበበበት ሁሉ ሳይሆን፣ ሰው ወደ ሠለጠነበት፣ መብራትና የመገናኛ መስመር ወደማይቋረጥበት፣ ውልም ወደሚከበርበት አገር ነው። ባንጋሎር በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችውን አንድ ማዕከል ወደ ታላቅ ንግድ ለመለወጥ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ፈጅቶባታል። በዚያም ጊዜ ውስጥ ትምህርት ቤቶቿ ባለሙያ ማፍራታቸውን አላቋረጡም።

የሰው ጉልበት እንደ ሸቀጥ በኮታና በቀረጥ ቢገደብም ከሸቀጥ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ሸቀጥ በጉምሩክ ሲያዝ በመጋዘን ይቀመጣል፤ ዕውቀት ያለው ሰው ግን በአንዱ አገር ሲከለከል በሌላው ተቀምጦ ይሠራል። ደመወዙ ፍትሐዊ እንዲሆንና ባልደረባው እንዳይጎዳ የሚሻ መንግሥት፣ የገቢዎችን ቁጥር ከመቁጠር አስቀድሞ ፈቃዱን ከአሠሪው እጅ ወደ ሠራተኛው እጅ ማስተላለፍ ይኖርበታል። ያን ጊዜ የውጭ አገሩ ሰው ልክ እንደ አገሬው በችሎታው ዋጋ ይሸጣል፤ አገሬውም የሚወዳደረው ከወረቀቱ እስረኛ ጋር ሳይሆን ከእኩያው ጋር ይሆናል።